ምርቃት የሌለው ማንኪያ

ሐዋ ከሄደች ወዲህ ሚዛኑ እኔ ዘንድ ነው። ዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ እሷ ራሷ በሰፋችው ጨርቅ እንደተጠቀለለ አስቀምጬዋለሁ። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ስሄድ ሰው ያስቆመኛል። «ጓደኛሽ ተመልሳ አረብ አገር ገባች አሉ?» ይለኛል። ገባች እላለሁ። «ልጆቹን አትሂዱ ስትል አልነበር እንዴ?» አትሂዱ ብላ አታውቅም፤ ስትሄዱ አውቃችሁ ሂዱ ነው ያለችው እላለሁ። «ያው ብሩ ጎትቷት ነው» ይልና ከንፈሩን መጥጦ ይሄዳል። እኔም ምላሴን ነክሼ እቀራለሁ። ምላስ በመንከስ የምታወቅ ሴት አይደለሁም፤ የሚያውቀኝ ያውቀኛል። አሁን ግን ራሷ ሐዋ «ተናገሪ» ስላለችኝ እናገራለሁ።

የተዋወቅነው ለቤት ሠራተኛነት ወደ ውጭ የሚሄዱ ሴቶች በሚሠለጥኑበት ማሠልጠኛ ነው። እኔ የልብስ አጠባና የቤት አያያዝ አስተምራለሁ፣ እሷ ምግብ ዝግጅት ልታስተምር ተቀጥራ መጣች። ልጆቹ ከየአቅጣጫው ነው የሚመጡት፤ ከአቀስታ ብርድ የሚመጡ አሉ፣ ከማሻ ግማሹን መንገድ በእግራቸው ግማሹን በሚኒባስ የሚመጡ አሉ። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ምድጃ በዓይናቸው የሚያዩት እኛ ጋ ነው።

ከአረብ አገር የተመለሰች ልጅ እኛ ዘንድ ከሩቅ ትታወቃለች። አንገቷ ላይ ወርቅ፣ ሻንጣዋ ውስጥ ብርድ ልብስና ሽቶ፣ ለእናቷ ቤት ቆርቆሮ። ሐዋ የመጣችው በአንድ ፌስታልና በአንድ ሚዛን ነበር። ሚዛኑንም የገዛችው ደሴ ነው፣ ትንሽ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ የወጥ ቤት ሚዛን። እናቷ እስከ ዛሬ ያነሱታል። «ሰው ከአረብ አገር ወርቅ ይዞ ይመጣል፣ የኔዋ ሚዛን ይዛ መጣች። የሚመዘነውስ የታለ?» ይላሉ።

ቀጠን ያለች፣ ጥፍሯን እስከ ሥጋው የምትቆርጥ፣ እጅጌዋን ሳትጠቀልል ዕቃ የማትነካ ሴት ነበረች። አባቷ ሼህ ናቸው፣ ልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ። እሷም ማስተማር ያየችው እሳቸው ጋ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ክፍሏን እንደ እሳቸው ነበር የምትመራው፤ እየጮኸች ትጠይቃለች፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ።

«አንድ ኩባያ ዱቄት!»

«መቶ ሃያ ግራም!»

«አንድ ኩባያ ስኳር!»

«ሁለት መቶ!»

እኔ በግድግዳው ማዶ ልብስ መተኮስ ሳስተምር የእነሱ ጩኸት የኔን ክፍል ይዘፍቀዋል። የኔ ልጆች እጃቸው ካውያ ላይ ሆኖ ከንፈራቸው «ሁለት መቶ» ይላል። «ሐዋ፣ እነዚህን ልጆች ፋርማሲ ልትከፍቺላቸው ነው ወይ?» እላታለሁ። ፈገግ ትልና «ምን አለበት?» ትላለች። ከፈገግታ ያለፈ ሳቅ አይቼባት አላውቅም።

አዲስ ልጆች ሲገቡ የመጀመሪያው ቀን ትምህርቷ ሁልጊዜ አንድ ነው። አንዲት ኩባያ ታመጣለች፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ዱቄት ታስቀምጣለች፣ ሁሉም በተራ ሞልተው ይመዝናሉ። አንዷ ቀስ አድርጋ በማንኪያ ስትሞላው መቶ ሃያ ይላል። ሌላዋ በኩባያው ዛቅ ታደርገውና መቶ ሃምሳ ይሆናል። ሦስተኛዋ ጠቅጥቃ፣ ቆልላ፣ ከላይ ደግሞ ጫን አድርጋ ስታስቀምጠው ሁለት መቶ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ኩባያው ያው ነው፣ ዱቄቱም ያው ነው። ልጆቹ ሚዛኑ ተበላሽቷል ብለው ይስቃሉ።

ከድጃ የምትባል የአቀስታ ልጅ ነበረች፣ አፍ ያላት። «ቲቸር፣ እናቴ ስትሠራ በዓይኗ ነው የምትለካው። አንድ ቀን እንኳ ወጧ ተበላሽቶ አያውቅም» አለቻት።

«የእናትሽ ዓይን ለእናትሽ ነው» አለቻት ሐዋ። «እናትሽ የምትሰፍረው በገዛ ኩባያዋ፣ ለገዛ ልጇ ነው። አንቺ በሰው ኩባያ፣ ለሰው ልጅ ነው የምትሰፍሪው። አፉን ጥረጊው።»

«አፉን ጥረጊው» የዘወትር ቃሏ ነበር። በቢላዋ ጀርባ የኩባያውን፣ የማንኪያውን፣ የጣሳውን አፍ ጠረግ ታደርጋለች፣ ትርፉ ወደ ሳህኑ ይወድቃል። የክፍሉ ኃላፊያችን ጨዋ ሰው ነው፣ ግን አንድ ቀን ታከተው። «ሐዋ፣ የሥልጠናው ሰዓት እኮ በሚዛን አለቀ፤ እነዚህ ልጆች ሩዝ መቀቀልም አለባቸው» አላት። ልክ ነበር። እሷም ልክ ነህ አለችው፣ በማግስቱ ግን ኩባያዋን ይዛ ገባች።

አንድ የገበያ ቀን ምስር ልንገዛ አብረን ወጣን። እትዬ ሎሚ የሚባሉ ደንበኛዬ ዘንድ ወሰድኳት። እትዬ ሎሚ ጣሳውን ሞሉ፣ ቆለሉ፣ የፈሰሰውን ሰብስበው አናቱ ላይ አደረጉና ሐዋ በዘረጋችው ፌስታል ውስጥ ገለበጡላት። ከዚያ እንደ ወጉ እጃቸውን ወደ ጆንያው ሰደው አንድ እፍኝ ለምርቃት ጨመሩ። ሐዋ ያንን እፍኝ ከፌስታሉ ዘገነችና መልሳ ጆንያው ላይ አፈሰሰችው።

«ምነው ልጄ፣ ነቀዝ አየሽበት?» አሉ እትዬ ሎሚ።

«አላየሁም እናቴ። የሰፈሩልኝ ይበቃኛል።»

«ምርቃት እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ለራስዎ ይሁን።»

የእትዬ ሎሚ ፊት ተለዋወጠ። እኛ አገር ሰው በዋጋ ይከራከራል፣ ይጣላል፣ ትቶ ይሄዳል፤ ምርቃት ግን አይመልስም። ምርቃት የሻጭነት ሳይሆን የሰውነት ነው፣ ከልብ የሚሰጥ ነው። «አረብ አገር የሰው ደግነት ያስጠላል መሰለኝ» አሉ አጠገባቸው ላለችው በርበሬ ሻጭ፣ እኛ እንድንሰማ አድርገው። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መንገድ ላይ አለቀቅኳትም። «ሰው አዋረድሽ» አልኳት።

«ምርቃት ገበያ ላይ ያምራል» አለችኝ።

«ታዲያ እኛ የት ነበርን፣ መስጊድ?»

ፌስታሏን ይዛ ቀድማኝ ሄደች። የዚያን ቀን ትዕቢተኛ ናት ብዬ ደመደምኩ፣ ለባለቤቴም ይህንኑ ነገርኩት።

ሌላም ነገር ነበራት። ሕፃን አትይዝም። አሠልጥነናቸው ሄደው የተመለሱ፣ አግብተው የወለዱ ልጆች አንዳንዴ ልጃቸውን አዝለው ሊጠይቁን ይመጣሉ። ሁላችንም እንቀባበላለን። ሐዋ የዚያን ጊዜ የሚታጠብ ዕቃ ይገኝላታል። ዕቃው ታጥቦ ቢሆን እንኳ ደግማ ታጥበዋለች። ሰው ብዙ ነገር አወራ፣ ልጅ ጠል ናት አለ፣ ባል ያጣችው ለዚህ ነው አለ። እሷ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች።

ነገሩ የተገለጠልኝ ሁለተኛ ልጄን የወለድኩ ጊዜ ነው። ጡቴ ለልጅቷ አልበቃ አለ። ጤና ጣቢያ የቆርቆሮ ወተት ጨምሪላት አሉኝ። የባለቤቴ እናት እማማ ዘነቡ ሊያርሱኝ ከገጠር መጥተው ወተቱን የሚበጠብጡት እሳቸው ነበሩ። ሐዋ ለጥየቃ መጣች፣ በር አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች፣ ልጅቷን ከሩቅ አይታ «አላህ ያሳድግልሽ» አለች።

እማማ ዘነቡ ጡጦውን ሊያዘጋጁ ተነሱ። ቆርቆሮው ውስጥ ያለችውን ትንሽ የፕላስቲክ ማንኪያ ከመሩ፣ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ፣ እንደገና ከመሩ። የተባለውን ያህል ማንኪያ ከጨመሩ በኋላ በጣታቸው ቆንጠር አድርገው ደግመው ጨመሩና ወደ ልጄ ዞረው «ይቺ ደግሞ ያንቺ ምርቃት» አሏት በፍቅር።

ሐዋ ከበርጩማው እንዴት እንደተነሳች አላየሁም። ጡጦውን ከእማማ ዘነቡ እጅ ነጥቃ በበሩ ወደ ውጭ ደፋችው። «በአላህ እማማ፣ እንዲህ አይደረግም!» አለች፣ ድምፅዋ ተሰባብሮ።

እማማ ዘነቡ ክው ብለው ቀሩ። «ለሕፃን ልጅ ደግሞ ይሰሰታል?» አሉ። «እንግዳ ሆነሽ በሰው ቤት ምን አገባሽ?»

«አፉ ይበሉኝ» አለች ሐዋ። ከዚያ ቢላዋ ጠየቀችኝ። ማንኪያውን ሞልታ በቢላዋው ጀርባ አፉን ጠረገችው፣ ወደ ውሃው ጨመረችው፣ ሌላውንም እንዲሁ። ትርፉ ዱቄት ጠረጴዛው ላይ ይረግፍ ነበር። ጡጦውን ለኔ ሰጥታኝ ወጣች። ልጅቷን አጥብቼ፣ ለእማማ አሳቅፌ፣ ተከትያት ወጣሁ። ጓሮ፣ ልብስ የማሰጣበት ገመድ ሥር ቆማ ነበር።

«ያሲን ነበር ስሙ» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

አረብ አገር የምትሠራበት ቤት የሦስት ወር ልጅ ነበር አለችኝ። ማዳሟ ወደ ሥራ ስትመለስ ልጁ ለሐዋ ቀረ። ማዳሟ ወተቱን አንድ ጊዜ በጥብጣ አሳየቻት፤ ማንኪያውን ሞልታ የቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ጠረግ፣ ለዚህን ያህል ውሃ ይህን ያህል ማንኪያ። «ታደሉ፣ ያን ስታደርግ ሳያት ምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ለገዛ ልጇ ትሰስታለች አልኩ። ቤቱ ዕብነ በረድ ነው፣ መኪናው ሁለት ነው፣ ለልጇ ወተት ግን አፉን ጠርጋ ነው የምትሰጠው አልኩ። አሳዘነኝ። ቀጭን ነበር ልጁ። እኔ እንደኛ አደረግኩለት። ከምሬ፣ ጫን አድርጌ፣ ምርቃት ጨምሬ።»

ልጁ ያለቅስ ጀመር። ሐዋ ራበው አለች። ደግማ በጠበጠችለት። ይጠጣል፣ ይበልጥ ያለቅሳል። እሷም ይበልጥ አወፈረችለት። «ምላሱ ደርቆ ነበር» አለችኝ። «አሁን ሳስበው ደርቆ ነበር። ውሃ ነው የጠማው። እኔ ግን ሲያለቅስ የራበው መሰለኝ።» ከጥቂት ቀን በኋላ ልጁ አተኮሰው፣ ከዚያ እጅዋ ላይ አንዘፈዘፈው። ሆስፒታል ወሰዱት። ደሙ ውስጥ ጨው በዝቷል፣ ሰውነቱ ውሃ አጥቷል አሉ። ሐኪሙ እሷን አስጠርቶ ስንት ማንኪያ ነው የምታደርጊው አላት። ነገረችው።

«ቁጥሩ ልክ ነበር» አለችኝ። «ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ነው። አልዋሸሁም። ትከምሪያለሽ ወይ ብሎ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም መከመር ጥፋት መሆኑን አላወቅኩም። የልጁ አባት ዓይኔ እንዳያይሽ አለኝ። ልጁ በማሽን ሲተነፍስ እኔን አውሮፕላን ላይ ጫኑኝ።»

አውሮፕላኑ ውስጥ ሆና ማንኪያው ከዓይኗ አልጠፋ አላት። ደሴ ስትደርስ ወደ ቤቷ መኪና አልያዘችም። ያንኑ ዓይነት የቆርቆሮ ወተት ገዛች፣ ሚዛኑን ገዛች፣ አልጋ ያዘች። በሩን ዘግታ አንድ ማንኪያ አፉን ጠርጋ መዘነች፤ አራት ግራም ተኩል አላት። አንድ ማንኪያ እንደ ልማዷ ከምራ፣ ጫን አድርጋ መዘነች፤ ሰባት አላት። ስንት ጊዜ ደጋግማ እንደመዘነች አታውቅም። ወተቱ እስኪያልቅ ድረስ መዘነች።

«አንዱ ማንኪያ ከአንድ ተኩል በልጧል» አለችኝ። «ለሦስት ወር ልጅ።»

«ልጁስ?» አልኳት።

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም?»

«አላውቅም አልኩሽ። ይኑር ይሙት አላውቅም።» አጥብቃ የያዘችውን የልብስ መቆንጠጫ ሰጠችኝና ሄደች። እኔ እዚያው ቀረሁ። ገበያ ላይ ያልኳት ነገር ሁሉ ትዝ ብሎኝ ራሴን ጠላሁት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ፈት እንደሆነች አማት ነዘነዝኳት። ደውዪ አልኳት። የማዳሟ ቁጥር ስልኳ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፣ ራሷ ናት ያሳየችኝ። ቁጥሩ ላይ ያለው ፎቶ አንድ ቢጫ አበባ ነበር። ሐዋ በየዕለቱ ከፍታ ታየዋለች። አበባ ነው። በማግስቱም አበባ ነው። «ልጅ ያላት ሴት የልጇን ፎቶ አታደርግም?» ትለኛለች።

«እኔ ሁለት ልጅ አለኝ፣ ያደረግኩት የኪዳነ ምሕረትን ሥዕል ነው» እላታለሁ።

«አንቺ ሌላ ነሽ።»

«ደውይና ተገላገይ በቃ ሐዋ። ቁርጡን እወቂ።»

«ሞቷል ካሉኝስ?» አለችኝ አንድ ጊዜ። «አሁን እኮ በሐሳቤ ግማሹን ቀን ይኖራል። ስደውል ነው የሚሞተው።»

ቁርጡን ማወቅ ይሻላል ብሎ መምከር ለኔ ቀላል ነበር፣ የኔ ልጆች ግቢ ውስጥ ይጫወታሉ።

በመሃል ኔትወርክ ጠፋ። እኛ አካባቢ ኔትወርክ ሲጠፋ መቼ እንደሚመለስ የሚነግርህ የለም። ልጆቻቸው ውጭ ያሉ እናቶች ስልካቸውን በነጠላቸው ቋጥረው ኮረብታ ይወጡ ነበር፣ ያዝ ያደርግ እንደሆነ። መንገዱም አልፎ አልፎ ስለሚዘጋ ሠልጣኝ አነሰን። ሐዋ በዚያ ወራት ይበልጥ ከሳች። አበባዋን እንኳ የምታይበት አጣች።

ኔትወርኩ የተመለሰ ዕለት ሐዋ የልብስ ክፍሌን በር ሳታንኳኳ ከፍታ ገባች። ስልኩን ፊቴ ላይ ዘረጋችው። አበባው የለም። በምትኩ አንድ ልጅ ነበር፣ ትልቅ ወንበር ላይ ተደግፎ፣ ፊቱን ወደ መስኮት ያዞረ፣ አንድ ጆሮውና ጉንጩ ብቻ የሚታይ።

«እሱ ነው?» አልኳት።

«ኋላ የተወለደ ሊሆን ይችላል። ጆሮ በምን ይታወቃል?» አለች። ከዚያ ቁጭ አለችና «አጠገቤ ሁኚ» አለችኝ።

እሷ ክፍል ገባን። የሚዛኑ ጠረጴዛ ጋ ተቀመጥን። ስልኩን ከፈተች፣ ድምፁን ለቀቀችው። ጠራ። ጠራ። አንዲት ሴት በዐረብኛ አነሳች። የኔ ዐረብኛ ከሰላምታ አያልፍም፤ ያኔ የገባኝ ሐዋ ስሟን ስትናገር ብቻ ነው። ሴትዮዋ ትዘጋዋለች ብዬ ነበር። አልዘጋችም። ሐዋ ቀስ እያለች ረጅም ነገር ተናገረች፣ በመሃሉ እጇ ማንኪያ እንደያዘች ሁሉ በአየር ላይ ይከምር ነበር። ሴትዮዋ አጭር ነገር መለሰች። ሐዋ ሌላ ጠየቀች። ሴትዮዋ መለሰችላት፣ ስልኩም ተዘጋ።

ሐዋ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። ያለቀሰች መስሎኝ ትከሻዋን ያዝኩ። አላለቀሰችም።

«እንደምከምር ያውቃሉ» አለችኝ። «ኋላ ሐኪሙ ቆርቆሮው ስንት ቀን እንደቆየ ጠይቆ፣ ቶሎ ማለቁን ሲሰማ ደርሶበታል። ያኔውኑ ያውቁ ነበር።»

«ልጁስ ሐዋ?»

«አለ» አለች። «ያሲን አለ። አይናገርም። አይሄድም። አጉርሰው ነው የሚያበሉት።»

ደስ ይበለኝ ይከፋኝ አላወቅኩም። «አልሐምዱሊላህ» አልኩ፣ እኔ ክርስቲያኗ።

ሳምንት ሳይሞላ ማዳሟ ራሷ ደወለች። ሐዋ ነገረችኝ፣ ቃል በቃል። «ይቅር አላልኩሽም» ብላታለች። «ግን እሱ ሰው ይፈልጋል። የመጡት ሁሉ ወር አይቆዩም፤ አንዷ ስትመጣ አንዷ ትሄዳለች። አንቺ ትቆያለሽ?»

«ምን አልሻት?» አልኳት።

«እቆያለሁ አልኳት።»

ያን ቀን ነው ከሐዋ ጋር እውነተኛ ጠብ የተጣላሁት። ያላልኳት የለም። «ያ ቤት ገብተሽ በየማለዳው ዓይናቸውን ልታዪ ነው?» አልኳት። «አባትየው አንድ ቀን ደሙ ቢፈላ ማን አለሽ? ፖሊስ ቢጠሩብሽስ? ያላወቅሽውን ነገር ነው ያደረግሽው፣ በፍቅር ነው ያደረግሽው፣ አላህ ራሱ አይይዝብሽም።»

«አላህ ባይዝብኝስ?» አለች። «ልጁ ወንበር ላይ ነው።»

«የሚያዩሽ እንደ ሰው አይደለም ሐዋ። ባዩሽ ቁጥር ያችን ማንኪያ ነው የሚያዩት።»

«እኔስ እዚህ ሆኜ ሌላ ነገር የማይ ይመስልሻል?» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር እስከ ዛሬ ነገሩ አልተዋጠልኝም። ሴትዮዋ የሐዋን ጸጸት አይታ የማትሄድ ሠራተኛ አገኘሁ ብላ ይሆናል። ወይም ልጇን ከሐዋ በላይ የሚጠነቀቅለት ሰው በዓለም ላይ እንደሌለ ገብቷት ይሆናል። ሁለቱም ይሆናል። እኔ እናት ነኝ፣ በሴትዮዋ ቦታ ራሴን አስቀምጬ ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ አልሆነልኝም።

ወረቀቷ በደንቡ አልቆ የምትሄድበት ቀን ሲቃረብ ገበያ ውሰጂኝ አለችኝ። እትዬ ሎሚ ጋ ሄድን። ምስር ስፈሩልኝ አለቻቸው። ሰፈሩላት፣ ቆለሉ፣ ገለበጡ፣ ምርቃቱንም ጨመሩ። ሐዋ ፌስታሉን ይዛ ቆመች። «እናቴ፣ ያኔ ምርቃትዎን መልሼብዎት ነበር፣ አፉ ይበሉኝ» አለቻቸው። እትዬ ሎሚ ትኩር ብለው አይዋት። ረስተዋታል መሰለኝ፣ ወይም ደግሞ አፍረው ረሳሁ አሉ። «ምኑን ልጄ? አላስታውስም» አሉ፣ ደግሞ አንድ እፍኝ ጨመሩላት። ምስሩን ለእናቷ ቤት ነው የወሰደችው።

መናኸሪያ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ቆመን ጠበቅን። ሚዛኑን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «እዚያ አላቸው» አለችኝ። እኔም አኩርፌ ነበር የያዝኩት። ሚኒባሱ ሲነሳ እጇን አወጣች፣ የኔ እጅ በሚዛኑ ተይዞ ስለነበር በአገጬ ነው የተሰናበትኳት። ያ ዛሬም ይቆጨኛል።

አሁን የምግብ ዝግጅቱን ሌላ ሰው ይዞታል። ኃላፊያችንን ለምኜ የመጀመሪያውን ቀን አንድ ሰዓት ለኔ አስፈቅጃለሁ። ኩባያዋን አመጣለሁ፣ ዱቄቱን አስቀምጣለሁ። እንደሷ መጮህ አልችልበትም። ልጆቹ ይስቃሉ፣ ሚዛኑ ተበላሽቷል ይላሉ። ከዚያ የቆርቆሮ ወተቱን አውጥቼ ትንሿን ማንኪያ እሰጣቸዋለሁ። የመጀመሪያዋ ልጅ ሁልጊዜ ትከምራለች። ለሕፃን ነው ስላት ደግሞ ምርቃት ትጨምርበታለች። ያኔ ስለ ሐዋ እነግራቸዋለሁ።

ንገሪያቸው ያለችኝ በመጀመሪያው የድምፅ መልእክቷ ነው። ብዙ ጊዜ ጠብቄው ነበር። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ወጥ ቤት ሆና ይመስለኛል የቀዳችው፣ የውሃ መውረድ ይሰማል።

«አሰላሙ አለይኩም ታደሉ፣ አብሽሪ፣ ደኅና ነኝ። አባትየው አያናግረኝም። ማዳም ለሥራ ብቻ ነው የምታናግረኝ። ከኔ በኋላ ልጅ አልወለዱም። ያሲን ከብዷል፣ ሳነሳው ወገቤን ያመኛል። ምግቡ ሁሉ በግራም ነው፣ ሐኪም ጽፎላቸዋል፣ እኔ ነኝ የምመዝነው፣ ማዳም መጀመሪያ ሰሞን ከኋላዬ ቆማ ታይ ነበር፣ አሁን ትታዋለች። ለልጆቹ የኔን ነገር ንገሪያቸው፣ ስሜን አትደብቂ። እሱ ሐዋን አያውቅም፣ ማንንም አያውቅም ይላሉ። ያለቅሳል ግን። የፊተኛዋ ሠራተኛ ሲያለቅስ ታበላው ነበር አሉ። እኔ ሲያለቅስ መጀመሪያ ውሃ ነው የምሰጠው።»